እየፈሩ የተሾሙት ዲያቆን ጀሚል ይመር

ዲያቆን ጀሚል ይመር ከአባታቸው ከአቶ ይመር አበጋዝ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዙቤይዳ ረጀብ በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. በከሚሴ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በመንገድ ጥገና ሥራ ከይፋት ወደ ከሚሴ የመጡ ክርስቲያን ነበሩ። እናታቸው ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የጨፋን ሸለቆ ሲያርስ ከኖረ የሙስሊም ቤተሰብ የተገኙ ናቸው። በአገራችን እንዲህ ያለ ጋብቻ ማንንም አያስደንቅም፤ ልጅ ሲወለድ ግን የየትኛው ነው የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ተማከሩና ስሙን የእናቱ ቤት እንዲያወጣ፣ ሃይማኖቱን ግን ልጁ አድጎ ልቡ ወደመራው እንዲይዝ ተስማሙ። ሽማግሌዎቹ በሰላም ወደየቤታቸው ሄዱ። ጥያቄው ከልጁ ጋር ቀረ።

አቶ ይመር በ1966 ዓ.ም. ዐርፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተቀበሩ። የእናታቸው ወንድም አቶ ሙሀመድአሚን ረጀብ የእኅታቸውን ልጅ እጅ ይዘው ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ነበር። ያኔ ከአባታቸው ዘመዶች አንዱ፣ ለቀልድ ይመስላል፣ «አንተስ የየትኛው ነህ? ስትሞት አጥሩ ላይ ልንሰቅልህ ነው እንዴ?» አላቸው። ሰው ፈገግ ብሎ አለፈ። ጀሚል ግን አልሳቁም። ያን ዕለት የገባባቸው ፍርሃት ምን እንደሆነ ለራሳቸው ለመናገር ብዙ ዓመት ወስዶባቸዋል፤ ነገሩ ግን ይኸው ነበር፦ ስሞት ከሚሴ ላይ የትኛው አፈር ይቀበለኛል?

ከዚያ በኋላ በእናታቸውና በአጎታቸው እጅ አደጉ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከሚሴ፣ ሁለተኛ ደረጃን በኮምቦልቻ ተከታትለዋል። ሐሙስ ሐሙስ እናታቸው ቤት በሚደረገው የሴቶች ዱዓ መዳፋቸውን ዘርግተው አሚን ይላሉ፤ ጥምቀት ሲደርስ ከአባታቸው ወገን ጋር ታቦት ይሸኛሉ። በሁለቱም በኩል ማንም አልከለከላቸውም፤ የኔ ነህ ብሎ እጃቸውን የያዘም አልነበረም። በትምህርት ደህና ነበሩ። አንድ ነገር ግን አይሆንላቸውም፤ ከሰው ፊት ቆሞ መናገር። አስተማሪ ስማቸውን ሲጠራ ላብ ያጠምቃቸው፣ የሚያውቁት መልስ ከጉሮሯቸው አልወጣ ይል እንደነበር አብረዋቸው የተማሩ ያስታውሳሉ። እኅታቸው ወይዘሮ ዑሙልኸይር «ቤት ውስጥ እንኳ ውሃ ሲፈልግ እኔን ልኮ ነው እማን የሚያስጠይቀው» ይላሉ።

በኮምቦልቻ የመካኒክነት ሥልጠና ወስደው በ1977 ዓ.ም. በውሃ ሥራ ተቀጠሩ። በባቲ ቆላና በጨፋ ሮቢት ዙሪያ ጉድጓድ በተቆፈረበት ሁሉ የእጅ ፓምፕ ሲተክሉና ሲጠግኑ ቆዩ። ከብረት ጋር መዋል ተስማማቸው። ብረት ንግግር አያስደርግም፤ የተበላ የፓምፕ ጎማ ካለ ይቀየራል፣ ውሃው ይወጣል፣ ሰው መርቆ ይለያል። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በ1985 ዓ.ም. አንድ የእርዳታ ድርጅት በጋምቤላ በነበሩት የስደተኞች ሠፈሮች ለፓምፕ ጥገና ቀጠራቸውና ከሚሴን ለቀው ሄዱ።

በጋምቤላ አንድ እሑድ ጠዋት ከአንድ ትልቅ ዛፍ አጠገብ የቆመ ፓምፕ ፈትተው ሲደበድቡ፣ ከዛፉ ሥር ሰው ተሰብስቦ ነበር። የአንግሊካን ምእመናን የሆኑ ከሱዳን የመጡ ስደተኞች ናቸው። ጸሎቱን የሚያነቡት ሽማግሌ ወደ ጀሚል መጥተው እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ እስክንጨርስ መዶሻውን አቁምልን ማለታቸው ነበር። ጀሚል አፍረው ከፈቱት ቧንቧ ላይ ቁጭ አሉ። ተቀምጠውም ያላሰቡትን አዩ። ሽማግሌው አንድ ቃል ያነባሉ፣ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። ተንበርክኮ የሚጸልየው ብቻውን አይጸልይም፤ ኃጢአቱን የሚናዘዘውም ከሁሉም ጋር ነው፣ በተጻፈ ቃል። አፉ ቢደነቃቀፍ የጎረቤቱ ድምፅ ያሻግረዋል። ከሰው ፊት መናገር ለሚፈራ ሰው ይህ ምን ያህል እረፍት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በሚቀጥለው እሑድ የሚጠገን ፓምፕ ሳይኖር መጡ። በ1987 ዓ.ም. የትንሣኤ ሰሞን ሊጎበኝ በመጣ ካህን እጅ ተጠመቁ።

ከጥምቀቱ በኋላ ሽማግሌው አንባቢ ደረታቸውን በጣት ነካ አድርገው «ረበና ናዳክ» አሏቸው። ሽማግሌው የሚናገሩት የሱዳን ዐረብኛ ነው፤ ጀሚል ደግሞ የሚያውቁት ከእናታቸው ዱዓ የቀሰሙትን ብቻ ነው። ረበና ያለውን ለዩ። የቀረውን በአማርኛ ሰሙትና ጌታ ናዳ ሊያወርድብህ ነው የተባሉ መሰላቸው። ጋምቤላ ሜዳ ነው፤ ናዳ የሚወርድበት ተራራ የለም። ይህ ደግሞ ባሰባቸው፤ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ናዳ ከሚታወቀው የከፋ ነው። ሥራ ላይ ቀና እያሉ ሰማይ ሲያዩ ሰነበቱ። በመጨረሻ በሠፈሩ ክሊኒክ ትሠራ ለነበረች የደምቢዶሎ ልጅ፣ ለነርስ ሸጊቱ፣ ሚስጥሩን ነገሯት። ሸጊቱ ከሕመምተኞቿ ዐረብኛ ለምዳ ስለነበር ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ናዳ አይደለም እኮ፣ ጀሚል። ጌታ ጠርቶሃል ነው ያሉህ። ካህን ትሆናለህ ማለታቸው ነው።»

ጀሚል ጥቂት አሰቡና «ናዳው ይሻለኝ ነበር» አሉ።

በ1988 ዓ.ም. ሁለቱ በጋብቻ ተጣመሩ። ወይዘሮ ሸጊቱ እስከ ዛሬ ድረስ «ያገባሁት በዚያች ቃል ነው» ይላሉ።

የሽማግሌው ቃል ግን እውነተኛ ነበረች፤ ነገሩ ቀልድ ሆኖ አልቀረም። ካህን መሆን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጀሚል ሲያስቡት በሁለት በኩል ያስፈራቸው ነበር። አንደኛው ያው አንደበታቸው ነው። ሁለተኛው የቆየው ነው። ተራ ምእመን ሆነው ከሚሴ ቢመለሱ፣ ከአባቱ ወገን ነው፣ የለም ከእናቱ ነው እየተባለ እንደ ልማዳቸው በመሀል ይኖራሉ፤ ሲሞቱም ዘመድ አንድ ዘዴ ያበጅላቸዋል። የሌላ ቤተ ክርስቲያን ካህን ከሆኑ በኋላ ግን ዘዴ የለም። በአባታቸው መቃብር ቦታ አይኖራቸውም፣ በእናታቸውም እንዲሁ። እሺ አሉ ማለት ከሚሴን በቁማቸውም በሞታቸውም ለቀቁ ማለት መሰላቸው።

በዚያው ዓመት ክረምት ሽማግሌው አንባቢ በወባ ሞቱ። ከቀብር መልስ የሕዝቡ ዓይን ሁሉ ወደ ጀሚል ዞረ። ጀሚል ይህን ሲያዩ ወደ ሌላ ሠፈር እንዲቀይሯቸው አለቃቸውን ለመኑና ሄዱ። ሸሹ ቢባል እውነት ነው፤ ራሳቸውም ሲናገሩት ሸሸሁ ነው የሚሉት።

በሄዱበት ሠፈር ካህን ቀርቶ አንባቢም አልነበረም። በ1990 ዓ.ም. ኩፍኝ ገብቶ ሕፃናት ሲረግፉ፣ መቃብር ለመቆፈር ዶማና አካፋ ያለው የፓምፕ ጠጋኞቹ ቡድን ነበርና ተለመነ። ጀሚል ቆፈሩ። ጉድጓዱ ሲያልቅ እናቲቱ ሕፃኑን ታቅፋ ቆማ፣ የሚያነብ ሰው ትፈልጋለች። ማንም የለም። ጀሚል በቀድሞው ሠፈር በየቀብሩ ሲሰሙ በእነርሱው ቋንቋ በቃላቸው የያዙትን የቀብር ጸሎት ጀመሩ። ዶማውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ሴቶቹ መለሱላቸው። እሳቸው የሚሉትን ይላሉ፣ ሴቶቹ ይመልሳሉ፣ እንዲህ እየተባለ እስከ መጨረሻው ደረሰ፤ ድምፃቸውም አልተቋረጠም። ማታ ለባለቤታቸው «ከሁሉ የምፈራው ቦታ ላይ ነው የሚያቆመኝ» አሏቸው። ወይዘሮ ሸጊቱ «ሂን ሶዳቲን» አሏቸው፤ አትፍራ ማለታቸው ነው። ጀሚል ግን መፍራታቸውን አልተዉም። በዚያ ክረምት ለመጡ ቀብሮች ሁሉ እየፈሩ ወጡ።

ከብዙ ማመንታት በኋላ የልባቸውን ለጎብኚው ካህን አወጡ፤ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተጠርተው ዕጩዎችን በሚመረምሩ አባቶች ፊት ቀረቡ። «ተጠርቻለሁ ብለህ ታምናለህ?» ተብለው ተጠየቁ። «እፈራለሁ» አሉ። «ምን ያስፈራሃል?» ሲባሉ «መቃብር» ብለው መለሱ። አባቶች ሞትን የፈሩ መስሏቸው ስለ ትንሣኤ መልካም ትምህርት ሰጧቸው። ጀሚል ከልባቸው አዳመጡ። ስለ መነሣቱማ ጥርጣሬ አልነበራቸውም፤ የቸገራቸው እስኪነሡ ድረስ የት ሆነው እንደሚጠብቁ ነበር። ይህን ማስረዳት አቃታቸው። በመጨረሻ ጸሎት ሲደረግ ከድንጋጤ የተነሣ ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ፤ ከዚያም በከሚሴ ልማድ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። አባቶች እርስ በርስ ተያዩ። አልተቆጧቸውም። ነገር ግን ሥሩ ገና አልያዘም፣ ጥቂት ይቆይ ብለው አሰናበቷቸው።

ውጭ ይጠብቋቸው የነበሩት ባለቤታቸው «ምን አሉህ?» አሏቸው።

«ቆይ አሉኝ።»

«ከፋህ?»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ጀሚል፣ በረጅሙ ተንፍሰው።

ደስታው ግን እስከ ጋምቤላም አላደረሳቸውም። በአውቶቡሱ ውስጥ አዲስ ፍርሃት መጣ። እስከዚያ ቀን የፈሩት እግዚአብሔር እንዳይጠራቸው ነበር። አሁን ደግሞ ትቷቸው እንደሆነስ? የለመዱት ድምፅ ዝም ሲል ያለው ጸጥታ ከድምፁ ይልቅ አስፈራቸው። ወይዘሮ ሸጊቱ እንደሚሉት ባለቤታቸው ምግብ የጠሉት በእነዚያ ወራት ብቻ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የጋምቤላው ሥራ ሲያበቃ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ከሚሴ ተመለሱና ወደ ቀድሞ የውሃ ሥራቸው ገቡ። እናታቸው ምራታቸውን ኦሮምኛ ስታወራ ሲሰሙ ገና ከበር «ይቺማ የኛው ናት» አሉ፤ የወለጋውና የከሚሴው ኦሮምኛ በአንዳንድ ቃል ሲለያይ ደግሞ አንዷ ሌላዋን ስታርም ይዋላል። ጀሚል እሑድ እሑድ ቤታቸው ውስጥ ከቤተሰባቸውና ከጥቂት ወዳጆች ጋር ይጸልዩ ነበር። ስለ ጥሪው ግን ለእናታቸው ትንፍሽ አላሉም። የነገራቸው ገበያ ነው። በ1998 ዓ.ም. ጋምቤላ አብሯቸው የሠራ ሰው ያወራውን ወሬ አንዲት በርበሬ ነጋዴ ጨፋ ሮቢት ላይ «ዙቤይዳ፣ ልጅሽ የእንግሊዞች ቄስ ሊሆን ነው አሉ» ብላ አቀበለቻቸው።

«እንግሊዝ ቄስ አልቆበት ነው ጨፋ ድረስ የሚፈልገው?» ብለው መለሱላት፤ የያዙትን ማሽላ ግን ሳይሸጡ ተመለሱ።

ልጃቸውን ፊት ለፊታቸው አስቀመጡ።

«እውነት ነው?»

«እውነት ነው እማ። ግን ቆይ ብለውኛል።»

«ይሄ ነገር ጴንጤ ነው ካቶሊክ?»

«መሀሉ ነው እማ።»

«አንተ ደግሞ መቼ ከመሀል ወጥተህ ታውቃለህ» አሉ ወይዘሮ ዙቤይዳ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «እኔ ስለ ቄስነቱ አይደለም የከበደኝ። አላህ ብሎልኝ ብቀድምህ ይሻላል፤ ካልቀደምኩስ? የት ነው የሚያደርጉህ? የት ሄጄ ነው የምዘይርህ?»

ጀሚል ያኔ ገባቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ብቻቸውን የተሸከሙት የመሰላቸውን ፍርሃት እናታቸውም ይዘውት ኖረዋል።

አቶ ሙሀመድአሚን ሲሰሙ ተቆጡ። «አባትህን ስንቀብር ከውጭ ነው የቆምኩት። አንተንም ከውጭ ቆሜ ልሸኝህ ነው? ወይስ ጭራሽ ሰው አገር ይወስዱሃል?» አሉ። ከዚያ ወዲያ የእኅታቸውን ልጅ ቤት እግራቸው አልረገጠም። መንገድ ላይ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ከሰላምታ ያለፈ ነገር የለም። ለጀሚል ይህ ዝምታ ከስድብ የከበደ ነበር፤ አጎታቸው ናቸውና እንደ አባት ያሳደጓቸው።

ወይዘሮ ዙቤይዳ በበኩላቸው የሚያውቁትን አደረጉ። በአንድ ሐሙስ ዱዓ ልጃቸውን ከሴቶቹ መሀል አስቀመጡና ጉዳያቸውን አቀረቡ። ይሾምልኝ አላሉም፣ ይቅርልኝም አላሉም። «ልጄ ፈርቷል። የፈራውን ነገር እኔም ፈርቼዋለሁ። ያ ረቢ፣ ፍርሃታችንን አንተ ያዝልን» አሉ። ሴቶቹ በአማርኛና በኦሮምኛ እየቀያየሩ መረቁ፤ በየምርቃቱ ማብቂያ አሚን አሉ። ጀሚልም ከእነርሱ ጋር መዳፋቸውን ዘርግተው አሚን አሉ። በአዲስ አበባ ያሳፈራቸው ቃል በዚያ ቤት አላሳፈራቸውም። ከዚያ ሐሙስ በኋላ ራሳቸው ተነሥተው፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ቆይ ወዳሏቸው አባቶች ተመለሱ። የመቃብሩንም ነገር በዚህ ጊዜ በሚገባ አስረዷቸው። አባቶች ሰሙ። መቃብር ልንሰጥህ አንችልም አሏቸው፤ አብረንህ ልንፈራ ግን እንችላለን አሉ። ጀሚል ይህችን ንግግር ይወዷት ነበር።

በግንቦት ወር 1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዲቁና ተቀበሉ። ወይዘሮ ዙቤይዳ ለመሄድ ሲነሡ አቶ ሙሀመድአሚን «እኅቴ አዲስ አበባ ብቻዋን አትሄድም» ብለው ተከተሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርሱ ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ሲገባ አይተው «ጫማ የማይወለቅበት የአላህ ቤት አይቼ አላውቅም፣ እኔ እዚሁ ነኝ» አሉና ደጅ ቀሩ። እናታቸው ገቡ፤ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ከመጨረሻው ወንበር ተቀመጡ።

ጳጳሱ «ወደዚህ አገልግሎት ተጠርቻለሁ ብለህ ታምናለህ?» ብለው በሕዝብ ፊት ጠየቁ። መልሱ የተጻፈ ነው፤ ጀሚል ደግሞ የተጻፈ ቃል ወዳጃቸው ነው። ያን ጊዜ ግን ቃሉ አልወጣላቸውም። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ጸጥታው ረዘመ፤ አንዳንዱ ሰው መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ያኔ ከመጨረሻው ወንበር አንድ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«አብሽር፣ ልጄ።»

አይዞህ ማለት ነው፤ በከሚሴ ለታመመም፣ ለከሰረም፣ ምጥ ለያዛትም የሚባል ነው። በዚያ ቤት ከዚያ በፊት ተብሎ የሚያውቅ አይመስለንም። ጀሚል «አምናለሁ» አሉ። ጳጳሱም እጃቸውን ጫኑባቸው። ፍርሃቱ እንደነበረ ነው፤ እሺታውም ያን ዕለት የእውነት ነበረ።

ከሚሴ ሲመለሱ ሰው አልማራቸውም። በእኛ አገር ዲያቆን ሲባል የሚታወቀው ለጋ ልጅ ነው። ጠጉራቸው መሸበት የጀመረው ጀሚል «ዲያቆን» ሲባሉ የአባታቸው ወገኖች «ቄስ ለመሆንማ መቶ ዓመት ሊኖር ነው» እያሉ ይስቁ ነበር። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። ለአገልግሎታቸው ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ፓምፕ መጠገኑን ቀጠሉ። የታመመ ይጠይቃሉ፣ ሐዘንተኛ ዘንድ ይቀመጣሉ፣ የሚሰሙት ከሚናገሩት እጅግ ይበልጥ ነበር። ክርስቲያን ቤት ሲሆን ይጸልያሉ፣ ሙስሊም ቤት ሲሆን ከሰዎቹ ጋር ዱዓ ይቀመጣሉ። ከበር ከመግባታቸው በፊት ሁልጊዜ ጥቂት ቆመው ትንፋሻቸውን ይሰበስቡ እንደነበር የተጠየቁ ሁሉ ያውቃሉ። አንዲት የጨፋ ሮቢት አሮጊት «ሌላው አይዞሽ ሲለኝ ስላልፈራ ነው፤ ጀሚል ግን እየፈራ ነው አይዞሽ የሚለኝ፣ ስለዚህ አምነዋለሁ» ብለው ነበር።

በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የጨጓራ ሕመም ጀመራቸው። ደሴ ታይተው፣ አዲስ አበባ ተልከው፣ ካንሰር መሆኑ ተነገራቸው። ቤተ ክርስቲያን ሳይረፍድ ቅስና እንዲቀበሉ ጠይቃቸው ነበር። «የዲቁናውን ፈርቼ ሳልጨርስ?» ብለው በትሕትና መለሱ።

ሐኪሞች ወደ ቤት ሲሸኟቸው ያ የቆየው ፍርሃት ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። ከሕመሙ ይልቅ እሱ ነበር እንቅልፍ የነሣቸው። ቤተሰቡ የአባታቸውን አጥቢያ ሽማግሌዎች ጠየቀ፤ «ልጃችን ነው፣ ሥርዓቱ ግን አይፈቅድልንም» ብለው አዝነው መለሱ። በእናታቸውም በኩል መልሱ ይኸው ነበር። በማንም አንፈርድም፤ ሁሉም የያዘው ሥርዓት አለው። ጀሚል ቤተሰቡን ላለማስጨነቅ «አዲስ አበባ ውሰዱኝ፣ እዚያ ቅበሩኝ» ይሉ ጀመር። ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። ወይዘሮ ዙቤይዳ ከአልጋው አጠገብ አልተነሡም፤ አብሽር የሚለው ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣ አለ።

በየካቲት ወር 2007 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት በኋላ አቶ ሙሀመድአሚን ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ከዚያ ቁጣ ወዲህ ወደዚያ ቤት ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር። ተቀመጡ፣ ጤናቸውን ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። ከዚያም ወደ አልጋው ሳያዩ እንዲህ አሉ፦

«ጨፋ አፋፍ ላይ ያለው ማሳዬ፣ ድንጋያማው ጥግ፣ ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ፣ አጎቴ።»

«ማሽላ ዘራሁበት፣ እምቢ አለ። ጤፍም እምቢ አለ። ከልጆቼ ጋር ተመካክረናል። እስቲ ዲያቆን ይበቅልበት እንደሆነ እናያለን።»

ዲያቆን ጀሚል ሳቁ። ሳቁ ሆዳቸውን አሳመማቸውና እያቃሰቱ ሳቁ። አጎታቸው ግን አልሳቁም፤ ቀና ብለው አዩዋቸውና «አጥር የለውም። እኔም ከውጭ አልቆምም» አሉ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ጀሚል ስለ አዲስ አበባ አላነሡም። የሞት ፍርሃት ጨርሶ ለቀቃቸው ብንል ውሸት ይሆናል፤ ሌሊት የባለቤታቸውን እጅ አጥብቀው ይይዙ ነበር። የት የሚለው ፍርሃት ግን ለቀቃቸው። ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ።

ዲያቆን ጀሚል ይመር መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ጠዋት፣ ባለቤታቸውና እናታቸው በግራና በቀኝ እጃቸውን ይዘው እያሉ፣ በተወለዱ በ50 ዓመታቸው ከሚሴ በሚገኘው ቤታቸው ዐረፉ። እናታቸውን ወይዘሮ ዙቤይዳ ረጀብን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሸጊቱን፣ ልጆቻቸውን ሁዳንና ቶሌራን፣ እኅታቸውን ወይዘሮ ዑሙልኸይርን፣ አጎታቸውን አቶ ሙሀመድአሚን ረጀብን እንዲሁም ብዙ ወዳጅ ዘመድ በሐዘን ትተዋል።

ትናንት ድንጋዩን ፈንቅለው መቃብሩን የቆፈሩት ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም የመጡ ጎረቤቶች ናቸው። አቶ ሙሀመድአሚን ከማለዳ ጀምሮ ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጠው «ጥልቅ አድርጉት፣ ጎርፍ አለ» ሲሉ ነበር። ወይዘሮ ዙቤይዳ ከቤታቸው እስከዚህ ድረስ በእግራቸው መጥተው መንገዱን አይተዋል፤ ቅርብ ነው ብለዋል።

እናንተም ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ በዚህ ማሳ ላይ የቆማችሁ፣ እግራችሁ ይባረክ። ወንድማችንን ሲፈሩ የያዛቸው፣ ሲሸሹ የተከተላቸው፣ ዝም ሲሉ የጠበቃቸው ጌታ ነፍሳቸውን ከእንግዲህ ፍርሃት በሌለበት ያሳርፍልን። የቀረነውን፣ ከሁሉም በላይ እናታቸውን፣ ያጽናን።